«መጀመሪያ ጄኔራል ኢዱን ጨርሺ» ላሏት እህት

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ነው። ጠያቂዋ 22 ዓመቷ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት በዲቪ መጥታ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ውስጥ አጎቷ ቤት ትኖራለች። አገር ቤት ዩኒቨርሲቲ ገብታ የመጀመሪያ ዓመቷን በናቹራል ሳይንስ ጨርሳለች። አሁን ሆቴል ውስጥ በሳምንት 40 ሰዓት ትሠራለች። ፍላጎቷ ከጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ በኮምፒውተር ሳይንስ መመረቅ ነው። ያገኘችው ሰው ሁሉ «መጀመሪያ ኖቫ ግቢና ጄኔራል ኢዱን ጨርሺ፣ ከዚያ ትሻገሪያለሽ» ይላታል። ኖቫ የሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ነው፤ ጄኔራል ኢድ ደግሞ ተማሪ ሁሉ ከሙያው ትምህርት ውጪ የሚወስዳቸው እንደ እንግሊዝኛ፣ ታሪክና ሳይኮሎጂ ያሉ አጠቃላይ ኮርሶች ናቸው። የአክስቷ ልጅ ግን እንደተባለው አድርጎ፣ ከ60 በላይ ክሬዲት ይዞ ሲሻገር «ገና ሦስት ዓመት ይቀርሃል» ተብሏል። እናም ሦስት ነገር ትጠይቃለች። ጄኔራል ኢዱን በሙሉ ኖቫ ልጨርስ? ክሬዲቱ አይጠፋም ወይ? የኖቫን የሁለት ዓመት አሶሲየት ዲግሪ ልያዝ ወይስ እንዲሁ ልሻገር?

እህቴ፣ ሳትመዘገቢ መጠየቅሽ ደስ ብሎኛል። ሥራዬ ከኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚሻገሩ ተማሪዎችን ማማከር ነው። አብዛኞቹ ቢሮዬ የሚመጡት ግን እንደ አክስትሽ ልጅ ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው። ትራንስክሪፕታቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው «ከዚህ ውስጥ የቱ ነው የተቆጠረልኝ?» ይሉኛል። አንቺ ገና አንድም ኮርስ ሳትወስጂ ነው የመጣሽው። ስለዚህ ሁሉም ነገር በእጅሽ ነው።

መልሴን ላስቀድም። ኖቫ መግባትሽ ጥሩ ውሳኔ ነው፤ ማንም ሐሳብሽን አያስቀይርሽ። «መጀመሪያ ጄኔራል ኢዱን ጨርሺ» የሚለው ምክር ግን ለኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ አይሆንም። ጄኔራል ኢዱን ከሂሳቡና ከፕሮግራሚንጉ ጎን ለጎን ውሰጂው። የትኛውን ጄኔራል ኢድ እንደምትወስጂ የሚወስነው ደግሞ የምትጀምሪበት ኮሌጅ ሳይሆን የምትመረቂበት ዩኒቨርሲቲ ነው።

ምክሩ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። አገር ቤት ፍሬሽማን የሚባል ዓመት አለ። በ2012 ዓ.ም. እንደገና ከተመለሰ ወዲህ ሎጂክ፣ ጂኦግራፊ፣ ሳይኮሎጂ፣ አንትሮፖሎጂ፣ ኮሚዩኒኬቲቭ ኢንግሊሽ በየዩኒቨርሲቲው ተመሳሳይ ሆነው ይሰጣሉ። ያንን ዓመት ታልፊና ዲፓርትመንት ትመደቢያለሽ። አንቺም አልፈሽበታል። ስለዚህ ጄኔራል ኢድ ሲባል ሁላችንም «አሃ፣ ፍሬሽማን ማለት ነው» እንላለን። አይደለም። እዚህ በጄኔራል ኢድና በሙያሽ መካከል ግድግዳ የለም። የሙያሽ ኮርሶች ከመጀመሪያው ሴሚስተር ይጀምራሉ። ዝርዝሩም ለሁሉም አንድ አይደለም። እያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ የራሱ አለው። አንዱ የአሜሪካ ታሪክ ይበቃኛል ሲል ሌላው የዓለም ታሪክ አምጡ ይላል። አንዱ የንግግር ኮርስ ግዴታ ያደርጋል፣ ሌላው ጭራሽ አይጠይቅም።

አሁን ዋናው ነገር ላይ ልምጣ። የኮምፒውተር ሳይንስ ዲግሪ ሁለት ረጃጅም ሰንሰለቶች አሉት። አንደኛው ሂሳብ ነው። በኖቫ ቁጥር ስናየው ፕሪካልኩለስ 167፣ ካልኩለስ አንድ 263፣ ካልኩለስ ሁለት 264፣ ከዚያ ሊኒየር አልጀብራና ሌሎችም ይከተላሉ። ሁለተኛው ፕሮግራሚንግ ነው፤ 221፣ 222፣ 223 እያለ ይሄዳል። አንዱን በሲ ወይም ከዚያ በላይ ሳታልፊ ቀጣዩ አይከፈትልሽም። ተከታታዮቹን ሁለት ኮርሶች በአንድ ጊዜ ልውሰድ ብትይም አይቻልም። ገንዘብ ቢኖርሽ፣ ሥራ ብታቆሚ፣ ሌሊት ሁሉ ብታጠኚ የሰንሰለቱ ርዝመት አያጥርም። ከፕሪካልኩለስ የጀመረ ሰው ካልኩለስ ሁለትን ለመጨረስ በመደበኛው ሦስት ሴሚስተር ይፈልጋል።

ጄኔራል ኢድ ግን ሰንሰለት የለውም። ሳይኮሎጂን ዛሬም ብትወስጂው፣ የዛሬ ሦስት ዓመትም ብትወስጂው ለውጥ የለውም። ታሪኩም ሙዚቃውም ኢኮኖሚክሱም እንደዚያው ነው። እንግዲህ ሁለት ዓመት ሙሉ ታሪክና ሳይኮሎጂ ስትወስጂ ከርመሽ ሜሰን ብትደርሺ፣ ሁለቱም ሰንሰለቶች ገና አልተነኩም። ያኔ 60 ክሬዲት ይዘሽ እንኳ በሂሳብ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነሽ። የአክስትሽ ልጅ የደረሰበት ይሄው ይመስለኛል። ክሬዲቱን ማንም አልወሰደበትም። ጊዜው ግን ሄዶበታል።

ሌላም ጉዳት አለው፤ ይህንን ብዙ ሰው አያስተውለውም። ቀላል የሚባሉትን ኮርሶች በሙሉ ቀድመሽ ከጨረስሽ ለኋላ የሚቀርሽ ከባዱ ብቻ ነው። ሜሰን ገብተሽ በአንድ ሴሚስተር አራት ከባድ ኮርስ ትደረድሪያለሽ። ዳታ ስትራክቸር፣ ካልኩለስና ፊዚክስ ባንድ ላይ ይዞ መሥራት ደግሞ ሰው ያደክማል። በየሴሚስተሩ አንድ ቀለል ያለ ኮርስ መሃል ብትገባ ትተነፍሻለሽ። ስለዚህ ሁለት ሦስት ጄኔራል ኢድ ሆነ ብለሽ ለኋላ አስቀሪ።

«ክሬዲቱ አይጠፋም ወይ?» ላልሽው፣ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ስጋቱ እውነት ነው። የአሜሪካ ኮንግረስ የኦዲት መሥሪያ ቤት በ2017 ባወጣው ሪፖርት፣ ከ2004 እስከ 2009 ከኮሌጅ ኮሌጅ የተዛወሩ ተማሪዎች በአማካይ 43 በመቶ የሚሆነውን ክሬዲታቸውን እንዳጡ ገምቷል። ከመንግሥት ኮሌጅ ወደ መንግሥት ኮሌጅ ለተዛወሩት ግምቱ 37 በመቶ ነበር። ለትርፍ ከሚሠሩ የግል ኮሌጆች ወደ መንግሥት ለተዛወሩት ደግሞ 94 በመቶ። ይህንን የመጨረሻ ቁጥር ደግመሽ አንብቢው። «ቶሎ ጨርሱ፣ ማታ ማታ ተማሩ» እያለ የሚያስተዋውቅ የግል ትምህርት ቤት ከመግባትሽ በፊት ክሬዲቱን የትኛው የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ እንደሚቀበል በጽሑፍ ጠይቂ።

አንቺ ከኖቫ ወደ ሜሰን ስለሆነ መንገዱ የተጠረገ ነው። ሁለቱም የቨርጂኒያ የመንግሥት ተቋማት ናቸው። ነገር ግን አንድ ልዩነት ካልገባሽ በተጠረገው መንገድም ትሳሳቻለሽ። ክሬዲት «ተቀባይነት አገኘ» ማለት አንድ ነገር ነው። «ቦታ ሞላ» ማለት ሌላ ነገር ነው።

የዝውውር ግምገማ ወረቀት ምን እንደሚመስል ላሳይሽ። በግራ በኩል ኮሌጅ የወሰድሻቸው ኮርሶች ተደርድረዋል። በቀኝ በኩል ዩኒቨርሲቲው እያንዳንዱን ምን ብሎ እንደመዘገበው ተጽፏል። ካልኩለስ አንድ በቀኝም የዩኒቨርሲቲው ካልኩለስ አንድ ተብሎ ከተጻፈ ቦታውን ሞልቷል። በቀኝ «ኢሌክቲቭ»፣ ማለትም በምርጫ የሚወሰድ ኮርስ ተብሎ ከተጻፈ ግን ተቀብለውሻል እንጂ ቦታ አልሰጡሽም። ዲግሪው ወደ 120 ክሬዲት ነው። በኮምፒውተር ሳይንስ ውስጥ ለነፃ ኢሌክቲቭ የተተወው ቦታ ትንሽ ነው። ያ ቦታ ከሞላ በኋላ የሚመጣው ኢሌክቲቭ ሁሉ ትራንስክሪፕትሽ ላይ ይኖራል፤ ለመመረቅ ግን አንድ እርምጃ አያቀርብሽም። ባለፈው ሰሞን አንድ ተማሪ ይህንን ወረቀት ይዞ መጣ። ቀኙን በቢጫ ማርከር አብረን ቀለምነው። 22 ክሬዲት ኢሌክቲቭ ወጣ። ልጁ ቁጥሩን አይቶ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ።

በእኔም ደርሷል። ከመጣሁ በመጀመሪያው ዓመት የገባሁበት ኮሌጅ ውስጥ የምዝገባው ቀን ሊያልቅ ነበር። የተሰለፈው ሰው ብዙ ነው፤ ያስተናገደችኝ ሴት ተጣድፋለች። «ሂሳብ ያስፈልግሃል» ብላ ክፍት የነበረውን የሂሳብ ክላስ ሰጠችኝ። እኔም ሂሳብ ሂሳብ ነው ብዬ ገባሁ። ኤ አመጣሁ። ልሻገር ስል ኮርሱ ሶሻል ሳይንስና አርት ለሚማሩ የተዘጋጀ እንደሆነ፣ ለእኔ ትምህርት እንደማይቆጠር ተነገረኝ። አንድ ሴሚስተር ሙሉ፣ በሳምንት ሁለት ቀን ከሥራ ወጥቼ በአውቶቡስ እየሄድኩ የተማርኩት ነው። ዛሬ ተማሪ ፊቴ ሲቀመጥ መጀመሪያ የማየው ሂሳቡን የሆነው ለዚህ ነው።

ኖቫም ውስጥ ተመሳሳይ ነገር አለ። ሂሳብ 154 ኳንቲታቲቭ ሪዝኒንግ ይባላል። ጥሩ ኮርስ ነው። የጄኔራል ኢድ ሂሳብን በሚገባ ያሟላል። ጋዜጠኝነት ለሚማር ሰው ይበቃል። ለአንቺ ግን ወደ ካልኩለስ አይወስድሽም። «ጄኔራል ኢዴን ልጨርስ» ብለሽ ብትገቢ፣ ዝርዝሩ ላይ ቀለል ብሎ የሚታይሽ እሱ ነው። ተጠንቀቂ።

ሂሳብን ካነሳሁ አይቀር አንድ ነገር ልጨምር። አገር ቤት 12ኛ ክፍል ሊሚት፣ ዴሪቬቲቭና ኢንቴግራል ተምረሻል። ዩኒቨርሲቲም የመጀመሪያ ዓመት ሂሳብ ወስደሻል። ታዲያ ለምን ከታች ትጀምሪያለሽ? ብዙ የእኛ ልጆች «ረስቼዋለሁ» ብለው ወይም የምደባ ፈተናው ላይ ሳይዘጋጁ ቀርበው ሁለት ደረጃ ዝቅ ብለው ይጀምራሉ። ሁለት ደረጃ ማለት ሁለት ሴሚስተር ነው። ከአንቺ የሚጠበቀው ሦስት ሳምንት አልጀብራና ትሪጎኖሜትሪ መከለስ ነው። ከዚያ ወደ ካልኩለስ አንድ በቀጥታ የሚያስገባ የምደባ መንገድ የቱ እንደሆነ ጠይቂና ተፈተኚ። ካልተሳካ 167 ትጀምሪያለሽ፤ ምንም አልከሰርሽም። እንግሊዝኛውም ላይ እንደዚሁ ሳትዘጋጂ አትግቢ። ኢ.ኤስ.ኤል የሚባለው፣ እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋቸው ለሆነ የሚሰጠው ክላስ ለሚያስፈልገው ሰው ትልቅ ጥቅም አለው፤ ለዲግሪው ግን አይቆጠርም።

አሁን ከጄኔራል ኢድ ውስጥ የቱን ቶሎ እንደምትወስጂ ልንገርሽ። እንግሊዝኛ 111ን በመጀመሪያው ሴሚስተር፣ 112ን በሁለተኛው። እነዚህን አታዘግዪ። ሌላው ኮርስ ሁሉ ጽሑፍ ይጠይቅሻል፤ ምንጭ መጥቀስና መከራከሪያ ማዋቀር የምትማሪው እዚያ ነው። ሁለቱን በጥሩ ውጤት ያለፈን ተማሪ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ቶፍል አይጠይቁትም።

ከዚያ የንግግር ኮርሱ ይመጣል። ዝርዝርሽ ውስጥ ካለ ኖቫ ጨርሺው። እኛ ይህንን ኮርስ እንፈራዋለን፤ በአክሰንታችን እናፍራለን፤ ወደ መጨረሻው ሴሚስተር እንገፋዋለን። እኔ የማየው ግን ሌላ ነው። በኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ክፍሉ ትንሽ ነው፣ ግማሹ ተማሪ እንዳንቺ ከሌላ አገር የመጣ ነው። የመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች እግር ያንቀጠቅጣሉ። ሦስተኛው ንግግር ላይ ልጆቹ ሌላ ሰው ሆነው ይወጣሉ። የሥራ ኢንተርቪው ላይ የሚጠቅምሽ ከካልኩለሱ ይልቅ ይሄ ሊሆን ይችላል።

ሳይንሱን በጥንቃቄ ምረጪ። ላብራቶሪ ያለው ሁለት ተከታታይ ኮርስ ከሆነ ሁለቱንም አንድ ቦታ ጨርሺ። የመጀመሪያውን ኖቫ፣ ሁለተኛውን ሜሰን ማድረግ ችግር ይጠራል። ፊዚክስ ከመረጥሽ ደግሞ በካልኩለስ የሚሰጠው መሆኑን አረጋግጪ፤ በአልጀብራ የሚሰጠው ሌላ ነው። ታሪክና ሳይኮሎጂ ለክረምት ይመቻሉ። ካልኩለስን ግን ሥራ እየሠራሽ በስድስት ሳምንት ክረምት እንዳትሞክሪው። እለምንሻለሁ።

ስለ አሶሲየት ዲግሪው ጥያቄሽ፦ አዎ፣ ያዢው። ግን የትኛውን እንደሆነ እወቂ። ኤ.ኤስ እና ኤ.ኤ የሚባሉት ለዝውውር የተሠሩ ናቸው። ኤ.ኤ.ኤስ የሚባለው በመሃል አንድ ፊደል ብቻ ነው የጨመረው፤ ዓላማው ግን ሌላ ነው። በቀጥታ ሥራ ለሚገባ ሰው የተዘጋጀ ነው። የኖቫ የሳይበር ሴኪዩሪቲ ዲግሪ ኤ.ኤ.ኤስ ነው። ለሥራ ጥሩ ነው፤ እንደ አንቺ ሐሳብ ግን አይሆንም። አንቺ የምትመዘገቢው በኮምፒውተር ሳይንስ ኤ.ኤስ ነው። ጄኔራል ስተዲስ ላይ «ለጊዜው» ብለሽ አትመዝገቢ። ለጊዜው ያሉት ብዙ ጊዜ ሁለት ዓመት ይሆናል።

ዲግሪውን መያዝ የሚጠቅመው ለግድግዳ አይደለም። በቨርጂኒያ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ዘንድ ለዝውውር የተሠራውን አሶሲየት ይዞ የመጣ ተማሪ የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ጄኔራል ኢድ በአብዛኛው እንዳሟላ ይቆጠርለታል። እያንዳንዱ ኮርስ ለብቻው አይመረመርም። ሁለት ኮርስ ሲቀራት ቸኩላ የተሻገረች ልጅ ግን ኮርስ በኮርስ ትገመገማለች። ሌላም ምክንያት አለኝ። በ2024 የወጣ የዝውውር ጥናት፣ በኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ከሚጀምሩት አንድ ሦስተኛ ያህሉ ብቻ እንደሚሻገሩ፣ በስድስት ዓመት ውስጥ ባችለር የሚይዙት ደግሞ ከመቶ 16 ብቻ እንደሆኑ ያሳያል። ሕይወት መሃል ትገባለች። ልጅ ይወለዳል፣ አገር ቤት ሰው ይታመማል። ትምህርቱ ለጥቂት ጊዜ ቢቋረጥ እንኳ እጅሽ ላይ ዲግሪ ይኑር።

ኖቫና ሜሰን ከ2018 ጀምሮ አብረው የሚመሩት አድቫንስ የሚባል ፕሮግራም አላቸው። ገና ከኖቫ ሳትወጪ የሁለቱም ተማሪ ሆነሽ ትታያለሽ። የሚመራሽ አማካሪ ይመደብልሻል፤ ከመጀመሪያው ኮርስ እስከ ምረቃ የሚወስድ አንድ ካርታ ይሰጥሻል። ስትሻገሪ እንደ አዲስ አመልካች አታመለክቺም። መግባት ያለብሽ መጀመሪያ ላይ፣ ገና ጥቂት ክሬዲት ሳለሽ ነው። ሌላ ምንም ባታደርጊ ይህንን አድርጊ። ሐሳብሽ ተለውጦ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ቢያምርሽ ደግሞ ትራንስፈር ቨርጂኒያ የሚባል የግዛቱ ድረ ገጽ አለ። የኖቫን ኮርስ ታስገቢና የትኛው ዩኒቨርሲቲ ምን ብሎ እንደሚመዘግበው ታያለሽ። የት እንደሚሄድ ጭራሽ ያልወሰነ ተማሪ ካለ፣ ፓስፖርት የሚባል 16 ክሬዲት፣ አምስት ኮርስ የሆነ ጥቅል አለ፤ የቨርጂኒያ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ይቀበሉታል። አንቺ ግን ወስነሻል፤ እሱ አያስፈልግሽም።

የአገር ቤቱን አንድ ዓመትሽን አትጣዪው። ትራንስክሪፕቱን በታወቀ የውጭ ትምህርት ገምጋሚ፣ ለምሳሌ ደብልዩ.ኢ.ኤስ በሚባለው ማስገምገም ይቻላል። ሳይኮሎጂና ጂኦግራፊው፣ ምናልባትም ሂሳቡ ሊቆጠርልሽ ይችላል። እንግሊዝኛውን ግን ብዙ ጊዜ አይቀበሉም። አስቸጋሪው ግምገማው ሳይሆን ወረቀቱን ማስወጣቱ ነው። ሬጅስትራሩ በታሸገ ፖስታ ወይም በቀጥታ እንዲልክ ያስፈልጋል። ለዚያ ደግሞ አገር ቤት ያለ ሰው ውክልና ሰጥተሽ መጀመር አለብሽ። ዛሬ ጀምሪው። የኮርሶቹን ዝርዝር መግለጫም አብሮ ይላክልሽ። ይህንንም ልብ በይ፦ ኖቫ ስለተቀበለው ሜሰን ይቀበላል ማለት አይደለም። ሜሰን የአገር ቤቱን ትራንስክሪፕት በራሱ ያያል።

ወደ ገንዘቡ ልሂድ። ኖቫ ለግዛቱ ነዋሪ አንድ ክሬዲት ወደ 200 ዶላር ገደማ ነው። ዓመቱን ሙሉ 30 ክሬዲት ብትወስጂ ወደ 6,000 ዶላር ይመጣል። ሜሰን ለአንድ ዓመት ከ13,000 ዶላር በላይ ነው። ግሪን ካርድ ስላለሽ የፌዴራል እርዳታ ማመልከቻውን ፋፍሳን መሙላት ትችያለሽ። ፔል ግራንት የሚባለው የማይመለስ የፌዴራል እርዳታ ከፍተኛው መጠን በ2025–26 የትምህርት ዓመት 7,395 ዶላር ነው። ሙሉ ጊዜ ለሚማርና ገቢው አነስተኛ ለሆነ ሰው የኖቫን ክፍያ ይሸፍናል፤ ለመጽሐፍም ይተርፋል።

እዚህ ላይ ግን የእኛ ልጆች የሚሰናከሉበት ነገር አለ። 24 ዓመት ካልሞላሽ፣ ካላገባሽና ልጅ ከሌለሽ ፋፍሳ በአብዛኛው የወላጆችሽን ገቢ ይጠይቃል። አጎትሽ ቤት ብትኖሪም አጎትሽ ወላጅ አይደለም። የእሱን ገቢ እንዳትሞዪ። የአባትና የእናትሽ ገቢ በብር የሆነው ወደ ዶላር ተመንዝሮ ይሞላል። ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር የሌለው ወላጅም አካውንት ከፍቶ ፈቃዱን መስጠት ይችላል። አባትሽን ቪዲዮ ደውለሽ አብራችሁ ሥሩት። አንድ ምሽት ይበቃል። ያ ፈቃድ ካልተሰጠ ግን ፔል የለም።

ፔል ዕድሜ ልክ የሚሰጠው ለ12 ሴሚስተር ያህል ነው። ስለዚህ የማይቆጠር ኮርስ የሚያቃጥለው የዛሬን ገንዘብ ብቻ አይደለም። ሜሰን ላይ ክፍያው ሲያድግ የሚያስፈልግሽንም ይወስዳል።

ሰዓትሽን ደግሞ እንቁጠረው። ለአንድ ክሬዲት በሳምንት አንድ ሰዓት ክፍል፣ ሁለት ሰዓት ጥናት ብለሽ ያዢ። 12 ክሬዲት 36 ሰዓት ነው። በ40 ሰዓት ሥራ ላይ ሲደመር 76። ይህንን አንድ ሴሚስተር ሊችለው የሚሞክር ብዙ ነው፤ የሚከፍለው ግን በጂፒኤ ነው። ዲ አይሻገርም። እኔ ብሆን አጎቴን አነጋግሬ ሥራውን ወደ 25 ሰዓት እቀንስና ሦስት ኮርስ እወስዳለሁ፤ እንግሊዝኛ 111፣ ሂሳብና ፕሮግራሚንግ 221። ሥራው የማይቀነስ ከሆነ እንግሊዝኛና ሂሳብ ብቻ። ክላሱ ካቃተሽ በጊዜ ውጪ። ገንዘብ ሳይቆረጥ የሚወጣበትን ቀን ካላንደርሽ ላይ ጻፊው።

ሌላ ግዛት ሆናችሁ ይህንን የምታነቡም ሥርዓቱ ይለያያል እንጂ ሐሳቡ ያው ነው። ካሊፎርኒያ ያላችሁ አሲስት የሚባለውን ድረ ገጽ ከፍታችሁ ኮርስ በኮርስ ማየት ትችላላችሁ። ሲያትል አካባቢ ያላችሁ 90 የኳርተር ክሬዲት የሆነውን የቀጥታ ዝውውር ስምምነት ጠይቁ። የኳርተር ክሬዲት ከሴሚስተሩ ያነሰ ነው፤ 90ው ወደ 60 ነው የሚመነዘረው።

ከአማካሪ ጋር ስትገናኚ «ይህ ኮርስ ይሻገራል?» ብለሽ አትጠይቂ። ሁሉም «አዎ» ይላል፤ እውነቱንም ነው። «ይህ ኮርስ ሜሰን ውስጥ በኮምፒውተር ሳይንስ ዲግሪ የትኛውን ቦታ ይሞላል?» በይ። በኢሜይል ጠይቂ፤ መልሱን አስቀምጪው። የእያንዳንዱን ኮርስ ሲላበስም ሴሚስተሩ ሲጀምር አውርደሽ አንድ ፎልደር ውስጥ አስገቢው። አስተማሪው ከሄደ፣ ገጹ ከተዘጋ በኋላ ፈልጎ ማግኘት ከባድ ነው።

ይህ ሲላበስ ለአክስትሽ ልጅም ይሠራል። ግምገማው የመጨረሻ ቃል አይደለም። ኢሌክቲቭ ተብለው ከተመዘገቡት ውስጥ ይዘታቸው ከዩኒቨርሲቲው ኮርስ ጋር የሚመሳሰሉ ካሉ፣ ሲላበሱን አያይዞ ለዲፓርትመንቱ እንደገና ይታይልኝ ብሎ ማመልከት ይችላል። እኔ ጋ ከመጡት አንዳንዶቹ ሁለት ሦስት ኮርስ አስመልሰዋል። አስተማሪዎቹን ዛሬ በኢሜይል ይጠይቃቸው፤ ወረቀቶቹን ሰብስቦ ከሚቀጥለው የምዝገባ ቀን በፊት ያስገባ።